ለኤለርዊክ እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበርና ተቀያሪ አጥቂ

ለክቡር ሚስተር ሮድኒ ፔልሃም፣
የኤለርዊክ ክለብ ባለቤት፣ ሊቀ መንበር፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ እንዲሁም ለጥቂት ደቂቃዎች አጥቂ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ስልሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ሳያሟሙቅ ሜዳ ሲገባ ጅማቱ እንደሚቀየም ስለምሰማ፣ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለጤናዎ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። እኔ ሞሪን ኦልድሮይድ ነኝ፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ በሜዳችን ድምጽ ማጉያ የተጫዋቾችን ስም ስጠራ የኖርኩ፣ እርስዎ ደግሞ በቅርቡ በቸርነትዎ ያሳረፉኝ ሴትዮ።

ብዕር ያስነሣኝ ለክለቡ መቶ ሠላሳኛ ዓመት ያሳተሙት የታሪክ መጽሐፍ ነው። ወረቀቱ እንዴት ያምራል! ፎቶግራፍዎም በየገጹ አለ፤ አንባቢ ማን እንደጻፈው ይረሳል ብለው ሰግተው ይሆናል። ለድካምዎ እጅ እየነሣሁ ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

፩. መጽሐፉ ታሪካችንን የሚጀምረው እርስዎ የመስኮት ንግድዎን ሸጠው ክለቡን ከገዙበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን «የጨለማ ዘመን» ብለው በአንድ አንቀጽ ዘግተውታል። ክቡርነትዎ፣ በጨለማው ውስጥ ሰው ነበረበት። ክለቡን ያቋቋሙት የገመድ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ገመድ የሚለቀልቁበት ዝፍት ከእጃቸው ሳይለቅ ይጫወቱ ስለነበር ተጋጣሚዎቻችን እስከ ዛሬ «ዝፍቶቹ» ይሉናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ወንዶቹ ለጦርነት ሲዘምቱ ሜዳው ጾሙን እንዳያድር የተጫወቱት ገመድ የሚገምዱት ሴቶች ነበሩ። እነሱን ለመጥቀስ ቦታ ጠቦዎት ከሆነ፣ ውሻዎን ይዘው የተነሡት ፎቶ ሙሉ ገጽ ይዟል።

፪. ስለዚያች ቅዳሜ «በብርቱ ነፋስ ምክንያት ዕድል አልቀናንም» ብለው ጽፈዋል። በዕለቱ የማዕዘን ባንዲራው እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር የዋለው። ክለባችን በታሪኩ ከእንግሊዝ ዋንጫ ማጣሪያ አልፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ጎረቤታችንን ማርስቢን ብናሸንፍ ከትልልቆቹ ጋር እንደለደል ነበር። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። አምበላችን ኮሊን ስታግ ኳሱን አስቀመጠ። ኮሊን ጠዋት ፖስታችንን አድሎ ከሰዓት በኋላ የሚጫወትልን፣ ጉልበቱ እምቢ ስላለው የመጨረሻ ዓመቱ መሆኑን የነገረን ሰው ነው። ይኼኔ እርስዎ ካፖርትዎን አወለቁ። ከሥሩ ማልያ ነበር። በበጋው ስምዎን ከተጫዋቾች ጋር ያስመዘገቡት ለቀልድ መስሎን ነበር፤ ምን ያህል ሞኞች ነበርን!

የእኔ ወንበር ከተቀያሪዎቹ አጠገብ ስለሆነ ከአሠልጣኙ ከዳረል ጋር የተባባላችሁት አላመለጠኝም።

«ኧረ ይተዉ፣ ጌታዬ! ይሄኮ የወዳጅነት ጨዋታ አይደለም።»

«ክለቡ የማነው?»

«የእርስዎ።»

«ኳሱስ?»

«እሱም የእርስዎ ነው እንግዲህ።»

«እንግዲያው የኮሊንን ቁጥር አውጣና ቀይረኝ!»

ኮሊን ወጣ። በአጠገብዎ ሲያልፍ «ሚስተር ፔልሃም፣ ዝቅ አድርገው ይምቱት» አለዎት፤ እርስዎም «አንተ ሂድና ፖስታህን አድል» ብለው መለሱለት። ስምዎን በድምጽ ማጉያው የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ማብሪያውን ሳልዘጋ «ወይ አምላኬ፣ አንተው አውጣን!» ማለቴም እውነት ነው። ከሥራዬ የተሰናበትኩት በዚህች ጸሎት ነው።

ጸሎቴ አልተሰማም። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ፣ ከአጥሩም በላይ በርሮ ከወዲያ ባለው የጓሮ እርሻ ላይ የሽማግሌውን የሚስተር ታፍትን ባሮ ሽንኩርት ጨፈለቀ። «ምነው፣ ግቡ እዚህ ነው ያላቸው ማነው?» ሲሉ ከአጥሩ ማዶ ተሰሙ። እርስዎ ወገብዎን ይዘው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ፣ ማርስቢዎች ኮሊን ይቆምበት በነበረው ባዶ ቦታ ሰንጥቀው ገብተው አገቡብን። አለቀ። ከጎኔ የቆሙ ጎልማሶች አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ፣ እርስዎ ከልጅ ልጅዎ ጋር ፎቶ ይነሡ ነበር።

፫. የኮሊን ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የስንብት ጨዋታ እንዲደረግለት ስንለምንዎም «ክለባችን ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አያይም» አሉን። እናመሰግናለን፤ ባይከለክሉን ኖሮ የጠላቶቻችንን ደግነት ሳናውቅ እንሞት ነበር። የማርስቢ ክለብ ጸሐፊ እቤቴ ደውላ «ሜዳችንን ውሰዱ። ሰውየው ስንት ዘመን ቁርጭምጭሚታችንን ሲለቅመው ኖሮ፣ በወጉ ሳንሸኘው?» አለችኝ። ባለፈው እሑድ ኤለርዊክ በሙሉ በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። የእርስዎ ግብ ጠባቂ መጣ፤ ዳረልም መጣ። የኮሊንን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ፣ በማርስቢዎች ማይክሮፎን። ሕዝቡ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ኮሊን ዓይኑን በእጅጌው ጠራርጎ «ንግግር አልችልም። ፖስታ ያልደረሰው ካለ ግን አሁኑኑ ይንገረኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ማን የሳቀ፣ ማን ያለቀሰ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ከጨዋታው በኋላ ብዙዎቻችን «ፔልሃም እስካለ ያንን ሜዳ አንረግጥም» ስንል የተቆጣን ኮሊን ራሱ ነው። «ልጆቹ ለማን ይጫወቱ? ሂዱ እንጂ!» አለ። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን። ለልጆቹ እንጮሃለን፤ እርስዎ የክብር ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ ግን ሁላችንም ባንድ ላይ ጀርባችንን እንሰጥዎታለን። ብርድ ሸሽተን እንዳይመስልዎት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር የሥልጣን ዘመን እየተመኘሁ፣ ያለ ማይክሮፎንም ድምጿ የሚሰማ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ፤

ሞሪን ኦልድሮይድ
ኤለርዊክ

ማሳሰቢያ፦ ማርስቢዎች ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ለእርስዎም ስምዎን ጽፈው ወንበር ይዘውልዎት ነበር። ባለመምጣትዎ የአንዱ ደጋፊ ውሻ ተቀመጠችበት። ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው በጸጥታ ተከታተለች፤ ቀይራችሁ አስገቡኝም አላለች።