የዮሴፍ ሁለተኛ ዓይን

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
ከዌምብሊ የሥራ ሺፍቴ በቀጥታ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ወርክሾፑ። እግሬ አልቋል፣ እጄ ግን ደህና ነው። የማርያምን መጎናጸፊያ ጨረስኩልህ፣ ደብተሬ። መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ እንደገና ይወፍራል። ነፋስ የገባበት ነጠላ ነው የሚመስለው። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አላለም። የምገለብጠው የአራት መቶ ዓመት ኅትመት ነው፦ ስደት ወደ ግብፅ። አንድም መስመር ሳላዛንፍ መዳብ ላይ ከቀረጽኩትና የውድድሩ ዳኞች ከተቀበሉት፣ ወርክሾፑ ውስጥ ለአንድ ዓመት የራሴ ጠረጴዛ ይሰጠኛል። ማስረከቢያው የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ። ጠረጴዛውን አገኘዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26
የመጀመሪያው ኅትመት ወጣ። የወርክሾፑ አስተማሪ፣ ቲቸር ማርጋሬት፣ አየችው። በማጉያ መነጽር ደገመችው። ከዚያ የዋናውን ፎቶ አጠገቡ አስቀመጠች። ወይ ጉድ! ዋናው ላይ ቅ. ዮሴፍ አህያዋን እየሳበ ወደ ጎን ነው የሚያየው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የእኔው ፊቱን ወደኛ አዙሯል፣ ከነሁለት ዓይኑ። ፊቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የጨረስኩት፤ እጄ ራሱ ነው ያደረገው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲስል ቀለም እየፈጨሁለት አደግኩ። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ። ቲቸር አዘነችልኝ፤ ፊቱን ፍቀሽ እንደገና ቅረጪ፣ ካልሆነ ጠረጴዛው የለም አለች። እሺ አልኩ። ሁለት ቀን ይበቃኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28
ዋይት ሲቲ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን እማማ ጥሩነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ምላሳቸው ግን አላረጀም። የዋናውን ፎቶ አሳየኋቸው።
«አህያዋን የሚነዳው ሌባ ማነው?»
ቅ. ዮሴፍ ነው ስላቸው ፎቶውን ገልብጠው አስቀመጡት። ሳቅኩ። ባቡር ውስጥ ሳቁ ጠፋ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1
መፋቂያውን አነሳሁ። አንድ ሽፋሽፍት ፋቅኩ። ቆምኩ። ችሎታ አንሶኝ አይደለም፣ ልብ በል! ያንን የጎን ፊት ወረቀት ላይ ሦስቴ ሠርቼዋለሁ፣ እንከን የለውም። ግን የአባቴን ሥራ የማጠፋ መሰለኝ። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ። ጠረጴዛውን እፈልገዋለሁ። ስድስት ዓመት ቤቴ ኪችን ውስጥ መዳብ ቀርጫለሁ፣ ሰልችቶኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ቲቸርን አናገርኳት።
«ዮሴፍን አልፍቀውም» አልኳት። «ሌባ አላደርገውም።»
ዳኞቹ ይህን ግልባጭ አይሉትም አለች። አውቃለሁ አልኩ። ስሜን ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር አሰረዝኩ፤ ትንሽ አለቀስኩ፣ ሽንት ቤት ገብቼ። ከዚያ የፋቅኩትን ሽፋሽፍት መልሼ ቀረጽኩ። አዲስ መዳብም አዘዝኩ። ከማንም የማልገለብጠው ስደት። ፈረንጆቹ የረሷት ሰሎሜም ትኖርበታለች፣ ሕፃኑን አዝላ። ኪችኑን ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት አጸዳለሁ፣ መብራቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ፤ ጠረጴዛዬ እዚያ ነው።