ጅራፍ የማያስደነግጣት ልጅ

ለውድ እህቴ ለሀጀራ አራጌ፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም እያነከስሽ ነው የምትውይ? አሠሪዎችሽስ እንዴት ይዘውሻል? የጅዳ ሙቀት ከቆቦ ይብሳል ይሉኛል፤ የኛን የትናንቱን የቀመሰ ግን እንዲህ አይልም። እኛ አልሀምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ከሰው ቁመት አልፏል፤ ወፉም በዚያው ልክ በዝቷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አልቀረም። በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ታለቅሺና መስመሩ ይቋረጣል። ይኼ ደግሞ ተረጋግቶ ሁለቴ ሦስቴ የሚነበብ ነገር ነው፤ የሚፈረም ወረቀትም አብሮት አለ። ለእረፍት የመጣችው የዋጃዋ ፀዲ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ። ዙሪያውን ሳልዞር ልንገርሽ፤ ልጅሽ ዚነት አትሰማም። አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ። የምጽፍልሽ መርዶ አይደለም።

ሐምሌ ላይ በጤና መኮንንነት እንደተመረቅኩ ታውቂያለሽ። ቅጥር ስጠብቅ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ወደኛ አካባቢ የመጣ የጥናት ቡድን ውስጥ ገባሁ። የሚያጠኑት መራመድ የዘገዩና እየተራመዱ የሚወድቁ ሕፃናትን ነው፤ የኔ ሥራ እናቶችን እየጠየቁ ቅጽ መሙላት ነው። ጎብዬ ላይ አንዷን እናት ልጇ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጥ እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። “የራያ ልጅ ሆኖ ይደንግጥልህ? ጅራፍ ጆሮው ሥር ቢጮህ ዓይኑን አያርገበግብም!” አለችኝ። ልጁ ሲመረመር ጆሮው አይሰማም። ሮቢት ላይ ሌላዋም ያንኑ በኩራት ስትነግረኝ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ። ዚነት ትዝ አለችኝ።

አምና አባዬ ወፍ የሚጠብቅበት ማማ ላይ ሆኖ ጅራፉን ሲያጮኸው የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲዘሉ እሷ እሸቷን እየፈለፈለች ዝም ያለችበትን ቪዲዮ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺም “አንበሳዬ!” ብለሽ መለስሽልኝ። መንደሩ በሙሉ ጀግና አላት። ጤና የተማርኩት እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ለዚህች ነገር ራሴን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል።

ቅዳሜውን ወደ ቤት ሄድኩ። ዚነት ማማው ላይ ተቀምጣለች። ማሽላው ውስጥ ከኋላዋ ቆሜ ጅራፉን ሳጮኸው ወፉ ግር ብሎ ተነሣ፤ እሷ አልዞረችም። በስሟ ጠራኋት፤ አልዞረችም። ተጠግቼ የማማውን እግር ቸብ ሳደርገው ግን ፈገግ ብላ ዞረች። ስንመጣ የምታውቀን እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ ኖሯል እንጂ በድምፃችን አይደለም።

ስነግራቸው እማዬ ተቆጣች፤ “ስጠራት የምትመጣው በምኗ ነው ታዲያ?” አለችኝ። አባዬማ “ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ መጥተህ ልጂቱን ደንቆሮ አደረግሃት!” ብሎ ከቤት ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ማንም ሳይለምነው እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆቦ ምርመራው ቦታ ከኔ ቀድሞ ተገኘ።

የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ሩት ዚነትን አስተኝታ፣ ግንባሯና ጆሮዋ ሥር ትንንሽ ሽቦ ለጥፋ መረመረቻት። ግራ ጆሮዋ ምንም አልመለሰም። ቀኙ ግን፣ እትዬ፣ ቀኙ ቀጭኑን ባይሰማም ወፍራም ድምፅ ትንሽ ይይዛል! ዘግይታ መራመዷና ሲመሻሽ መውደቋም የእግሯ ድካም አይደለም። በጆሮ ውስጠኛው ክፍል መስሚያውና ሚዛን መጠበቂያው ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ግቢ ያሉ ሁለት ቤቶች በያቸው፤ አንዱን እሳት ሲይዘው ሌላውንም ይነካዋል። ቀን ዓይኗ ያግዛታል፤ ብርሃኑ ሲደክም ትወድቃለች። እኛ ግን እግሯን በቅቤ ስናሽ ሁለት ዓመት ከረምን።

ሩት ማዳመጫ መሣሪያ በቀኙ ቢደረግላት ቃል መያዝ ትችላለች ትላለች። ሁሉንም ይመልሳል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን አራት ዓመት ሊሞላት ነው፣ የመናገሪያዋ ጊዜ አይጠብቃትም። ሚዛኗን እኔ ጀምሬላታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በትልሙ ጠርዝ ላይ እጇን ይዤ አስኬዳታለሁ። ባለፈው ስድስት እርምጃ ለብቻዋ ሄደች። እኔም ከዚህ በኋላ የጆሮ ሕክምና ነው የምማረው፤ ቆርጫለሁ።

አሁን የቀረን አንቺ ነሽ። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ስለሌለ መሣሪያውን የሚሰጠው ጥናት ያለ እናቷ ፊርማ አይቀበላትም። ቡድኑ ታኅሣሥ ሲያልቅ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት በእጅሽ የተፈረመው ዋናው ወረቀት እዚህ መድረስ አለበት። ስለ እርግዝናሽ ወራት የተጠየቀውንም ሙይው፤ መንስኤውን ለመፈለግ እንጂ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። እማዬ በሰው አገር ያለችን ልጅ ልቧን አትስበርብኝ ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ ግን ልብሽን ስለማውቀው ጻፍኩልሽ።

እማዬ ሳሊሀ ዱዓዋ አይለይሽ፤ አሁን ፈርሚ እያለች ናት። ጎረቤታችን እሸቴ ሰላም ብሎሻል፤ ልጁን እሱም ሊያስመረምር ነው። አባዬም ሰላም ብሎሻል፤ ዛሬ ዛሬ ማማው ሥር ሲደርስ እንጨቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ የሱና የዚነት ሰላምታ ያ ነው። ዚነት ግን ሰላምታ አልላከችልሽም። ቃሉን ገና አልሰማችውም። ካንቺ አፍ እንድትሰማው ፈርሚላት።

ወንድምሽ ዘይኑዲን አራጌ
ቆቦ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.