አምስት ተኩል ሳለች ሰባት ብዬ ስለጻፍኳት ልጅሽ

ለውድ እህቴ ለአባይነሽ፣

ክረምቱ እንደምን ወጣላችሁ? አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? የግራ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግርሻል? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር "ደህና ነኝ" ብትዪኝም ከወንበር ስትነሺ ያሰማሽው ማቃሰት ከመቱ ተነሥቶ ቀበና ደርሷል። ዕድሜ ልክሽን ሌላውን ስታክሚ ኖረሽ ራስሽን ለሐኪም አለማሳየትሽ ይገርመኛል። ባለቤትሽ ዲንሳ እንዴት ነው? ቡናው ቀላ? ለቀማ ጀመራችሁ? ልጆቹስ? አያንቱ ለፈተናው እየተዘጋጀች ነው? ሰላሙስ ኳሱን ትቶ ደብተሩን ይዟል? የአማትሽ የእማማ ዶርቃ ዓይን እንዴት ሆነላቸው? ስማችሁን ሳናነሣ የዋልንበት ቀን የለም።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በለጡ የደም ግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ብትረሳም አስታዋሽ ባል አላት። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ቢሆነኝም እጄ እስክሪብቶ አልጣለም፤ የሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ሲቸግረው ወደ እኔ ይመጣል። ልጅሽ መቅደላዊት በጤናዋ ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ እሷ ነውና ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ስለ ትምህርቱ ነገር በስልክ ቁርጥራጩን ሳትነግርሽ አልቀረችም፤ እኔ በቅደም ተከተል ልንገርሽ። አንድ የሩቅ ምሥራቅ አገር መንግሥት በየዓመቱ ከውጭ አገር ለሚመጡ የሳይንስና የምሕንድስና ተመራማሪዎች የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ችሎ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ከእኛ አገር የሚወስደው በጣት የሚቆጠሩ ሰዎችን ነው። መቅደላዊት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመችበት ጥናት አለ። የእንጦጦ ተዳፋት ምን ያህል ውኃ ሲጠጣ እንደሚናድ አስቀድሞ ለማወቅ ነው። ከተራራው ጀምራ እስከ ቀበና ወንዝ አፋፍ ድረስ እየዞረች አፈር ለቅማ የበለጡን ማሰሮና ጠርሙስ ሁሉ ሞልታዋለች። በለጡ መጀመሪያ "እንግዲህ የቀረን በሬ ጠምዶ ሳሎኑን ማረስ ነው" ትላት ነበር። ዓምና ነሐሴ ላይ ግን የጎረቤታችን የአጥር ግንብ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ልጅቷ ከአሥር ቀን በፊት "ይህ ግንብ ክረምቱን አይወጣም" ብላ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ በማሰሮዎቹ የሚያፌዝ ሰው የለም።

እዚያ አገር ያለ አንድ ፕሮፌሰር ጥናቷን አንብቦ ስኮላርሺፑን ካገኘች እንደሚቀበላት ጽፎላታል። የድጋፍ ደብዳቤዎቹም አልቀዋል። አንደኛው አስተማሪዋ "አንቺው ጽፈሽ አምጪና ልፈርምልሽ" ቢላት እኔ አልፈቀድኩም፤ ሦስት ቀን ቢሮው ደጃፍ ተመላልሳ በራሱ እጅ አስጽፋዋለች። እኔም እንደ ልማዴ መስፈርቶቹን በአሥራ አራት ተራ ጽፌ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ የተሟላውን በቀይ ምልክት ሳደርግ ከረምኩ። አሥራ ሦስቱ ሞሉ። ያልሞላው አንደኛው ተራ ነው፤ ዕድሜ። እስከ ዓምና ወሰኑ ሠላሳ አምስት ነበር፤ ዘንድሮ አጥብበውታል። ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው አይወዳደርም። መቅደላዊት ይህን ስታነብ "ጋሼ፣ እኔ እኮ ሠላሳ አንዴ ነው። በቃ አለፈኝ" አለችና ኮምፒውተሯን ከደነችው።

አባይነሽ፣ አላለፋትም ይሆናል። ሠላሳ አንድ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በ1994 ዓ.ም. መስከረም፣ አባቷ ባረፈ በዓመቱ፣ አንቺ መቱ ጤና ጣቢያ ተመድበሽ ልጅቷን ለእኛ ትተሽ ስትሄጂ እንዴት እንደሄድሽ አልረሳሁም። በለጡም እኔም ሥራ እንውላለን፤ እናታችን ደክማለች፤ ቀን የሚጠብቃት ሰው የለም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይገባም ብለዋል። መዝጋቢው ግን እኔ ነበርኩ። እንደ ሌሎቹ ልጆች እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን እንድትነካ ነገርኳት። ጣቷ አልደረሰም። እኔ "ደርሷል" አልኩ። መስከረም 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተወለደች ብዬም ጻፍኩ። ያ ቀን ከክፍል ካርዷ ወደ ማትሪክ ወረቀቷ፣ ከማትሪክ ወደ ዲግሪዋ፣ ከዚያም ወደ መታወቂያና ፓስፖርቷ ተሻገረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በማንም ተማሪ ውጤት ላይ ግማሽ ነጥብ ያልጨመርኩ ሰው፣ የራሴ ልጅ ስትሆን ዓመት ተኩል ጨመርኩ። አንቺ ዋሽልኝ አላልሽኝም፤ እኔም አልነገርኩሽም። ይህን ለይቼ የምጽፈው በኋላ በራስሽ እንዳትፈርጂ ብዬ ነው።

ኮምፒውተሯን በከደነች ማግሥት ቁርስ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። "ታዲያ ዓምና ሠላሳ ሞላኝ ብዬ ሳለቅስ ሃያ ስምንቴ ነበር?" አለችኝ። ነበር አልኳት። "'አይዞሽ፣ ሠላሳ እኮ ገና ልጅነት ነው' ያሉኝስ እርስዎ አይደሉም?" አለች። እሱም እውነት ነው። በለጡ ሳቋ አመለጣት፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ ከ"አዎ" እና "አይ" በቀር ቃል አልሰጠችኝም። በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና "እሺ፣ እውነተኛው ቀን የትኛው ነው?" አለችኝ። አላወቅኩትም። አንቺ ስትወልጂ እኔ አሶሳ አስተምር ነበር፤ ለክረምት ዕረፍት ስመጣ ክርስትና ተነሥታ ነው ያገኘኋት። በለጡም እኔም የምናውቀው በ1988 ዓ.ም. ሁዳዴ ጾም ውስጥ መወለዷን ብቻ ነው። የማስታወቂያው ወሰን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚያርፈውም እዚያው ሁዳዴ ውስጥ ነው። ከወሰኑ በፊት ተወልዳ ከሆነ በሩ ተዘግቷል፤ ከወሰኑ ወዲህ ከሆነ ክፍት ነው።

እናታችን ክርስትና ያስነሣቻት እንጦጦ ራጉኤል ስለሆነ ወደዚያው ወጣሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት በእግሬ ጀምሬ፣ ግማሹ ላይ ጉልበቴ የማን ወንድም እንደሆንኩ ስላስታወሰኝ ታክሲ ያዝኩ። መዝገቡን የሚጠብቁት መሪጌታ ገላው የሚባሉ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። መቅደላዊት የሚል ስም እያልኩ ግማሽ ቀን ገጽ ስገልጥ ዝም ብለው አዩኝና "መምህር፣ በዚያ ዘመን እዚህ የሚጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ነበር። በዚህ አፈላለግዎ ልጅቷ ጡረታ ትወጣለች" አሉኝ። ለበለጡ ደውዬ "ወለተ ኪዳን" ስትለኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገኘች። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነውና ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ወደ ፊት ቆጥሬ አመሳከርኩ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል መሪጌታ "ሥርዓቱ ሰማንያ ነው፤ አራሷ ስትታመም ወይም አበልጅ ስትዘገይ ግን ሳምንትም ሁለት ሳምንትም የሚያልፍ አለ" አሉኝ። አንቺ በአራስ ቤት ታመሽ እንደነበር በለጡ ታስታውሳለች። ስንት ቀን እንደሆነ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ጎልማሳ ቀርቦኝ "ጋሼ፣ ምን ነበር? የልደት ካርድ? የትኛው ቀን ይሁንላት?" አለኝ። "የተወለደችበት" አልኩት። "እሱንማ ማን ያውቃል! የሚጠቅማትን ይንገሩኝና ነገ ይውሰዱ" አለኝ። የሚጠቅማትን ማሰብ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አስቤላት ይኸው ሃያ አራት ዓመት በተሳሳተ ቀን ኖራለች። አመስግኜው አለፍኩ።

ፍርድ ቤት አቤቱታዬን ያስገባሁት በራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። መዝገብ ቤት የተቀበለችኝ ሰላማዊት የምትባል የድሮ ተማሪዬ ናት። አንብባ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "መምህር፣ ዕድሜ ሊያስተካክል የሚመጣው ሰው ሁሉ 'በስህተት ተመዝግቦ' ብሎ ነው የሚጽፈው። እርስዎ ለምን 'ዋሽቼ' ይላሉ? ስህተት ይበሉት፣ ይሄኛው ያስጠይቅዎታል" አለችኝ። ስህተት ሳያውቁ የሚሠሩት ነው፤ እኔ አውቄ ነው የጻፍኩት አልኳት። "ድሮም እንዲህ ነበሩ" ብላ ማኅተሙን መታችበት። በለጡ ይህን ስትሰማ "ሽበትህን ይዘህ ልትታሰር ነው? ስንቅ የማመላልስበት ጉልበት የለኝም፣ ቀድሜ ልንገርህ" አለች። የመጣው ይምጣ። ቀጠሮው ኅዳር 22 ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ 14።

አሁን ያንቺ ተራ ደረሰ። የተወለደችበትን ቀን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። እናቶች በቁጥር ሳይሆን በበዓል እንደምታስታውሱ አውቃለሁ። የምኩራብ ሳምንት ይሁን የደብረ ዘይት፣ ማን የሚከበርበት ዕለት እንደነበር፣ ምጥሽ በጀመረሽ ጊዜ እናታችን ከየት እንደተጠራች፣ በኋላም ክርስትናዋ በቀኑ ይሁን ዘግይቶ፣ ዘግይቶ ከሆነም ስንት ቀን፣ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። ቀኑን በአኃዝም በፊደልም አድርጊው። ዲንሳና እማማ ዶርቃ ስትፈርሚ አይተው ይፈርሙበት።

ወሰኑ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን በዚህ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ከመዝገቡ ቆጥሬ ያገኘሁትንም ቀን አልጻፍኩም። ረስቼ አይደለም። አሳቡ የመቅደላዊት ነው። አፈሯን ስትመረምር ማሰሮው ላይ ከየት እንደመጣ አትጽፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው የምትሰጠው። "የሚመዝን ሰው የሚመኘውን እንዳያይ ነው" ትላለች። "እማዬም ቀኑን ሳታውቅ ትመልስ፤ ካወቀች ለእኔ ስትል ልቧ ይሳሳታል" አለችኝ። በስልክ ያልጠየቅኩሽም ለዚህ ነው፤ ድምፄ መልሱን ይነግርሽ ነበር። ዘግይታ ብትወለድ እንደሚሻላት ከጻፍኩት መረዳትሽ አይቀርም፤ እሱን ልሰውርብሽ አልችልም። ይሁን እንጂ እሷን ለማሻገር ብለሽ አንዲት ቀን እንኳ እንዳትገፊ። ካላስታወስሽ "አላስታውስም" ብለሽ ጻፊ፤ እሱም መልስ ነው። እሷ ስትደውልም ይህን ነገር አታንሺባት፤ እሷም ላታነሣ ቃል ገብታለች።

ቀኑ ከወሰኑ በፊት ሆኖ ቢገኝ ያንኑ ቀን ፍርድ ቤት አቅርበን እናስጸድቀዋለን፤ የራሷ ቀን ነውና። ከዚያ ሌላ ደጅ እናንኳኳለን። የዕድሜ ወሰን የሌለባቸው የሁለት አገር መንግሥታት ማስታወቂያዎችን ከወዲሁ አንብቤ መስፈርታቸውን አስምሬያለሁ። እንደዚያኛው ፕሮፌሰር ሥራዋን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን በሁለቱም ቦታ አላገኘንም። ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን የአቶ ለይኩን ልጅ ወንደሰን ነው። ቡና ሊጭን መቱ ሁለት ሌሊት ያድራል። መልሱን አሽገሽ በእጁ ስጪው፤ ራት ሳታበዪው እንደማትለቂው አውቃለሁ።

ዲንሳን እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ ቡናው ይባረክለት። እማማ ዶርቃን ስለ እኔ ሆነሽ እጃቸውን ሳሚልኝ፤ በጸሎታቸው ያስቡን። ለአያንቱ ካልገባት ሒሳብ ሁለት ሁለት ጥያቄ እየጻፈች እንድትልክልኝ ንገሪልኝ፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እመልስላታለሁ። ሰላሙን ጆሮውን ቆንጥጪና ሳሚልኝ። በለጡ ሁላችሁንም ትስማለች፤ ለጉልበትሽ የሚታሰር ሻሽ በወንደሰን ልካለች።

መቅደላዊት ጉንጭሽን ትስማለች። ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና የጥናቷን ዕቅድ ለሰባተኛ ጊዜ እያረመች ነው። ቅጹ ሁሉ ተሞልቷል። ባዶ የቀረው የልደት ቀን የሚለው ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን እኔ ዳግመኛ አልሞላውም።

ወንድምሽ በላይነህ

የካ፣ ቀበና
ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.