ጎማውን አትፍቺው

ሰኞ

ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያወርዱት ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ረዳቱ በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ "ተቀበሉ እንግዲህ!" ይላል። አልወደቀም፣ አልሐምዱሊላህ። የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰሬ ከደሴ ተነሥቶ የአቀስታን ብርድ አልፎ መካነ ሰላም ገብቷል። ቀይ ነው። ከኋላ ሁለት ጎማ፣ ከፊት ሁለት የላስቲክ እግር፣ ለመግፊያ አንድ እጀታ አለው። ደሴ ሱቅ ለሱቅ አብሮኝ የዞረው እዚያው የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ነው። ጎማ የሌለው፣ አየር የሚይዝበት ሆዱ ሰፋ ያለ ሌላ አይቼ ነበር። "ጎማ ያለው ይሻልሻል፣ እህቴ" አለኝ። ሰማሁት።

እስከ ዛሬ የቀባሁት በብሩሽ ነው። በያጆች የብረት በርና መስኮት ያመጡልኛል፣ እለቀልቃለሁ፣ የብሩሹ መስመር ይቀራል፣ ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ይወስደዋል። ከእንግዲህ በአየር እረጫለሁ።

አሁን የት ይቀመጥ? ጓሮ ያቆምኳት ቆርቆሮ ቤት ለእኔ እንኳ ትጠባለች። ያሰብኳቸው ቦታዎች፦

— በሩ ሥር። ዝናብ ይገርፈዋል።

— ከምቀባበት አጠገብ። ቱቦው አያጥርም፣ ግን የቀለሙን ብናኝ ይስባል።

— አልጋዬ ሥር። (ይህን ያልኩት አባዬን ለማሳቅ ነው። ሳቁ።)

— ከቆርቆሮዬ ጀርባ፣ የጎረቤታችን የእማማ የሺ ግድግዳ ያለበት ጥግ። የጣሪያቸው ክፈፍ ይሸፍነዋል፤ ጥላ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አቧራ አይደርስበትም።

አባዬ ከላላ ከተማ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያስነሡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥጉን በተረከዛቸው ደለቅ ደለቅ አደረጉት፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። "መሬት ያልያዘ ሞተር ይራመዳል" አሉ። "ጎማውን ፈትቶ በሲሚንቶ መትከል ነው።" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለእጄ፣ ለዓይኔ፣ ለሞተሩ ሳይቀር። ለሞተር ዱዓ ሲደረግ ገና ዛሬ ሰማሁ። አሚን አልኩ።

ማክሰኞ

ለሙከራ ውስጥ አስገባሁት። ስህተት ነበር። ሲነሣ ቆርቆሮው ሁሉ አብሮ ተነሣ፤ ምስማር ላይ የተሰቀለው ወንፊት ወርዶ ቀለም ውስጥ ገባ። የአየር መሳቢያው ቡናማ ሆነ። በዚያ ላይ እውነትም ይራመዳል፤ አንድ ቁራጭ ብረት እስክረጭ በሩ ድረስ ሄዷል። ቱቦውን ባልይዘው ገበያ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ ውስጥ አይሆንም። በሩ ሥርም ሞከርኩት፤ ከሰዓት ካፊያ መጣና በላስቲክ ሸፍኜው ቆምኩ። የቀረው ጥጉ ነው።

እንድሪስ ደወለ። ደርሷል ወይ፣ ሠራ ወይ፣ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ። ጥጉ ላይ ልተክለው ነው ስለው፣ "ጎማውን ግን አትፍቺው፣ እሺ? ጥገና ሲያስፈልገው እንዴት ትገፊዋለሽ?" ለጥገና የተፈታው ይገጠማል አልኩት። "አትፍቺው ብቻ" አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እንድሪስ የማሽን ነገር የሚያውቀው? ነጋዴ ነው፤ ከሚዛን ሌላ ዕቃ ሲነካ አይቼው አላውቅም። ለአባዬ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። "እሱም ያለው ያስኬዳል" አሉና ወደ ቤት ገቡ። ትናንት ትከዪው ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

ረቡዕ

ዛሬ የመብራት ጣጣ። ከቤት እስከ ጥጉ የዘረጋሁት ገመድ ቀጭን ኖሮ ሞተሩ እህህ ይላል እንጂ አይነሣም። ወፍራሙን ገዝቼ ዘረጋሁ፤ ሊነሣ ሲል መብራት ጠፋ። ሲመጣ ግን በአንዴ ተነሣ። ጥጉ ውስጥ ድምፁ ራሱ ይለያል፣ ያንቀጠቀጠው ነገር የለም።

ግድግዳው የእማማ የሺ ስለሆነ ሳላስፈቅድ አልተክልም ብዬ ሄድኩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጩኸቱ ያስቸግርዎታል ወይ ስላቸው፣ "የኔ ጆሮ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ አስጩኺው" አሉኝ። ቀጥለው ግን፣ "እዚያ ጥግ ነው የምትተክይው?" አሉ። አዎ አልኩ። "አያ አሊ ምን አሉ?" አባዬን ነው። ቦታውን ያዩልኝ እሳቸው ናቸው አልኳቸው። እማማ የሺ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ። "እስቲ ደግመሽ ጠይቂያቸው" አሉኝ። ሰው ሲያረጅ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ማስጠየቅ ይወዳል ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ

የመጀመሪያውን በር ረጨሁ! ልጻፈው፣ ደግሜ ልጻፈው፦ ረጨሁ። እንደ መስታወት ነው፤ ፊቴን አየሁበት፣ ጠቃጠቆዬ ሳይቀር። በያጁ ሊወስድ መጥቶ ጣቱን ሊያሳርፍበት ሲል ጮህኩበት፤ እስኪደርቅ እዚሁ ይቆያል አልኩት።

አንዲት ጥፋት ብቻ፦ ከታች በኩል የውሃ ነጠብጣብ ወጣበት። ለካ በኛ ብርድ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ያለችውን ቡሽ ከፍቶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ተምሬያለሁ።

ከሰዓት ጥጉን ቆፈርኩ። ውስጡ ጥሩ ጠንካራ ቀይ አፈር ነው። አሸዋ አስመጥቻለሁ፣ ሲሚንቶው ለቅዳሜ ነው። አባዬ በርጩማቸውን አምጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አካፋውን ነጥቀውኝ ነበር። ዛሬ በመቁጠሪያቸው ይጫወታሉ። በመጨረሻ፣ "ለጊዜው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ብታስቀምጪው ምን ይልሻል?" አሉ። ለምን ለጊዜው? "እስቲ እንየው ብዬ ነው።" ምኑን ነው የምናየው? ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተነሡ።

አሟቸው ይሆን? ጨጓራቸው ሲነሣ እንዲህ ይሆናሉ። ነገ አጥሚት እሠራላቸዋለሁ። እንድሪስም ነገ ይመጣል አሉ። ደስ ይላል፣ የረጨሁትን በር አሳየዋለሁ።

ዓርብ

እንደሆነው በተራ ልጻፈው።

አባዬ ለጁምዓ መስጊድ ሄደው ነበር። ገልባጭ መኪና በራችን ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ሹፌሩ ወረደና፣ "እህት፣ የእንድሪስ አሊ ግቢ ይኸ ነው?" አለ። የአባቱ ግቢ ነው አልኩት። "ያው ነው። የመሠረት ድንጋይ ነው፣ ጓሮ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ከሱ ጀርባ ድፋው ብለውኛል።" ተሳስተሃል አልኩ፣ ሳቅሁም። ለእንድሪስ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ።

እንድሪስ መንገድ ላይ ነበር። "መጥቼ በእርጋታ ልነግርሽ ነበር" አለኝ።

ሹፌሩ ቸኩሏል። ደፋው። የቆፈርኩት ጉድጓድ ሞላ፣ አሸዋዬ ከሥር ቀረ። ኮምፕሬሰሩን ወደ በሩ ገፍቼ አዳንኩት። በጎማው።

እንድሪስ ሲደርስ የነገረኝ ይኸ ነው፦ የጓሮው ቦታ ከቆርቆሮ ቤቴ ጋር በአባዬ ቃል ለሱ ተሰጥቷል። የሚከራዩ ክፍሎች ይሠራበታል። የተሰጠው እኔ አቀስታ ለሥራ በሄድኩበት ሳምንት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ዱዓ ተደርጓል። ሰፈሩ ሁሉ አሚን ብሏል። ስመለስ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብለው የሳሙኝ በሙሉ ያውቁ ነበር።

ጎማውስ? አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "አንዴ በሲሚንቶ ከያዝሽው ቦታዬ ነው ትያለሽ፣ ሽማግሌ ፊት እንጓተታለን ብዬ ፈርቼ ነው። ወላሂ አንቺን ለመጉዳት አይደለም።" ማለት ደሴ ላይ ክንዴን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲያዞረኝ የሚመርጠው ለእኔ ማሽን አልነበረም። በቀላሉ የምትገፋ እህት ነበር የሚመርጠው። እኔ ደግሞ ሻይ ጋብዤው፣ ካላንተ ማን አለኝ ብዬዋለሁ። ይኸን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል።

በሩን አላሳየሁትም።

የእንድሪስን እችለዋለሁ፤ ድሮም ለራሱ ነው። የማልችለው አባዬን ነው። ሰኞ መሬቱን በተረከዝ ሲደልቁ ያውቁ ነበር። ግድግዳውን ሲዳብሱ ያውቁ ነበር። ዱዓቸውን አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ለእጄ፣ ለዓይኔ፣ ለሞተሩ አደረጉ። ለቦታው አላደረጉም። አላህን ፈርተዋል ማለት ነው። እኔን አልፈሩም።

ቅዳሜ

አጥሚቱን ሠራሁላቸው። ለምን እንደሠራሁ አላውቅም። ጎድጓዳ ሳህኑን አስቀምጬ ቆምኩ።

ለምን አልነገሩኝም? አልኳቸው። እንዲያ ተቆጥቼ እንኳ አንቱታውን መጣል አቃተኝ፤ ይኸም አናደደኝ።

ማሽን እንደምገዛ የሰሙት ለእንድሪስ ቃል ከሰጡ በኋላ ነው አሉ። ሊነግሩኝ ነበር፤ ግን ከአውቶቡሱ ሳወርደው ፊቴን አይተው አቃታቸው። "ደስታሽን ልቀማሽ?" አሉኝ። እና መሬት ስንረግጥ፣ ግድግዳ ስንዳብስ የከረምነውስ? "እሱ እኮ እውነት ነው። ቦታው ለሞተር ጥሩ ቦታ ነው።" ይኸን ያሉት ከልባቸው ነው። እሱ ነው የባሰው። ከኔ ጋር መምረጡ ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንደማይሆን እያወቁ ደስ ብሏቸው ነበር።

"ወንድ ልጅ ቤት ልሥራ ሲል አባት እምቢ አይልም" አሉኝ።

ሴት ልጅ ልሥራ ስትልስ?

መቁጠሪያውን ብቻ አዩ። አጥሚቱ ላዩ ቆዳ ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ አቅርቤላቸው ብሉልኝ ሳልል ወጣሁ።

ከሰዓት እማማ የሺ በር ላይ ጠሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሄድኩ። ቁጭ በይ እንኳ ሳይሉኝ፣ "እኔም ነበርኩ፣ ፋጤ። እኔም አሚን ብያለሁ" አሉ። ከሁሉም ሰው ይኸን በአፉ ያለኝ አንድ እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ሊነግሩኝ ፈልገው የሰው ግቢ ነገር ነው ብለው መዋጣቸውን ነገሩኝ። ባላቸው ልብስ ይሰፉበት የነበረው በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል ባዶውን ነው። ውሰጂው አሉኝ። በምትኩ የግቢያቸውን በር ሰማያዊ እንድቀባላቸው ይፈልጋሉ። "በብሩሽ እንዳታደርጊው ደግሞ፣ አዲሱን አይቻለሁ።"

ስቄ ነበር፣ ሳቄ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ይዘውኝ ቆሙ።

ክፍሉን አየሁት። ደረቅ ነው፣ መስኮት አለው፣ ወለሉ ሊሾ ነው። የኋላ ግድግዳው ያው ያ ግድግዳ ነው፣ በወዲያኛው በኩል። የእንድሪስ ተከራዮች እንግዲህ ጆሯቸው ጡረታ ካልወጣ ይሰሙኛል።

እሁድ

ጠዋት ውሃውን አፈሰስኩለት፣ ገመዱን ጠቀለልኩ፣ እጀታውን ይዤ ገፋሁ። እንድሪስ ከቤት ወጥቶ "ላግዝሽ" አለ። ጎማ አለው አልኩት።

ሁለቱ ግቢዎች ጀርባ ለጀርባ ናቸውና በአስፋልቱ መዞር ነበረብኝ። ጉም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዷ "በርቺ" አለች፣ አንዱ ወፍጮ መስሎት ስንት ኩንታል ይፈጫል አለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ዞር ስል አባዬ ናቸው። ቱቦውን ረስቼው ኖሯል፤ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመውት፣ ጫፉን መሬት እያስጎተቱ ይከተሉኛል። አልጠበቅኳቸውም። ተመለሱም አላልኳቸውም።

እማማ የሺ ክፍሉን ጠርገው ጠበቁኝ። አባዬ ደፍ ላይ ቆመው ወለሉን አዩ፣ ተረከዛቸውን አነሡ። ልማዳቸው ነው። ዓይኔን አዩና እግራቸውን ቀስ አድርገው መለሱት። "አንቺ የት አሰብሽ?" አሉኝ።

እዚህ አልኩ። መስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ክንድ ራቅ ብሎ። ማንንም አላማከርኩም። ራሴ ደለቅሁት።

ልክ ነው አላሉም፣ አይደለም አላሉም። ቱቦውን ከትከሻቸው አውርደው ጠቅልለው ጥግ ላይ አኖሩና ሄዱ።

ጎማውን ፈትቻለሁ። ነገ ሲሚንቶ አፈሳለሁ። አባዬን ይቅር አላልኩም፣ የምልበትንም ቀን አላውቅም። ቱቦው ግን እሳቸው ባኖሩት ቦታ ቢሆን ለመርጨት ይመቻል። አላነሣሁትም።