አባትህ ሱቁን ሲለካ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? በወጣህበት ደጅ በሰላም ያስገባህ፤ ክፉ አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን። የእህትህ ሳል ለቋታል፤ የጓዳው ጣሪያ ግን አሁንም ያፈሳል።

የላክኸውን የሁለቱን ኮሌጆች ወረቀት እህትህ ተርጉማ አነበበችልን። ሁለቱም የንግድ ሥራ አመራር ነው የሚያስተምሩት፤ የአንዱ ክፍያ ግን የሌላውን አራት እጥፍ ነው። የውዱ ወረቀት ራሱ ያብረቀርቃል። አባትህ «ውድ የሆነው አንድ ነገር ቢኖረው ነው» አለ።

ትናንት ግን የልብስ ስፌት ሱቃችንን በሜትሩ ሲለካ ደረስኩበት። ለካስ ለውዱ ኮሌጅ ክፍያ ብሎ ሊሸጠው ነው፤ ገዢው በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ሰው ለክቶ ተሳስቶ የማያውቀው አባትህ፣ አንዱን ግድግዳ ሦስቴ ለካው። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ልጄ፣ እኛ ጨርቅ ስንገዛ ገልብጠን ነው የምናየው፤ ፊቱማ ሁሉም ያምራል። አንተም ከሁለቱም ኮሌጅ የተመረቁትን ፈልገህ ምን ሥራ እንደያዙ ጠይቅ። ውዱ በእርግጥ የሚሻል ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ፈርቼ ነው እንጂ ትምህርትህን ጠልቼ አይደለም።

እባክህ ወሩ ሳያልቅ ለአባትህ ደውልለትና ጠይቀህ ያገኘኸውን ንገረው። እኔ እንደጻፍኩልህ ግን እንዳታነሳበት።

እውቀቱን ይግለጥልህ። ተምረህ ስትመለስም የምታስተዳድረው ሱቅ ይቆይህ።

እናትህ