ማሽናቸውን ለባልደረባ አደራ ሰጥተው ስለሄዱት ስለ አቶ አብዱልመሊክ ቱፋ

ከሮቤ የመኪና ፖሊሽና ሰም ሠራተኞች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቤ

የማኅበራችን መሥራችና ካለን ሃያ አንድ አባላት የአሥራ ዘጠኛችን አስተማሪ የነበሩት አቶ አብዱልመሊክ ቱፋ፣ ባደረባቸው ሕመም በጎባ ሲታከሙ ቆይተው ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤተሰቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በሮቤ ተፈጽሟል።

ማኅበሩ በኅልፈታቸው እጅግ አዝኗል። ሆኖም ይህ መግለጫ የተጻፈው ለሀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን በወጣ ነበር። የዘገየነው አቶ አብዱልመሊክ ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው መቀበራቸውን ካወቅን በኋላ፣ እንደ ወጉ ጽፈን እንደ ወጉ መፈረም ስላቃተን ነው። እርሳቸው ተከድተዋል። የካዷቸውም ሩቅ ሰዎች አይደሉም፤ ቃሬዛቸውን የተሸከምን እኛው ነን።

አቶ አብዱልመሊክ በ1957 ዓ.ም. በጊኒር ከተማ ከከብት ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። ወጣትነታቸውን በአዳማ በአንድ የመኪና ቀለም ቤት በሥራ ያሳለፉ ሲሆን፣ ከወይዘሮ ኡሙሰልማ ጋር ትዳር መሥርተው ኢብቲሳምና ዙሀይራ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ሮቤ መጥተው በጎባ መንገድ ዳር በአንዲት ቆርቆሮ ዳስ ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በከተማችን ፀሐይ ላደበዘዘው መኪና መድኃኒቱ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ነበር። መኪናው እስከ ማታ ያበራል፣ በማግስቱ የዲንሾን መንገድ አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይገኛል። አቶ አብዱልመሊክ መኪና በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የሞተው የቀለም ገጽ በስሱ እንደሚነሳ፣ ከዚያ እንደሚለሰልስ፣ ሰም የሚቀባውም በመጨረሻ መሆኑን ለከተማው አሳዩ። “ሰም ልብስ ነው፤ ቁስል አያድንም” የሚለው ቃላቸው እስከ ዛሬ በየዳሱ ይነገራል።

በ2004 ዓ.ም. ከስምንት ባልደረቦቻቸው ጋር ማኅበራችንን አቋቋሙ። የመተዳደሪያ ደንባችንን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያጻፉት እርሳቸው ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. “የጥፍር ፍተሻ” የምንለውን አሠራር አስጀመሩ። ጭረት ያለበት መኪና ሲመጣ ሠራተኛው በባለቤቱ ፊት ጥፍሩን በጭረቱ ላይ ያሳልፋል፤ ጥፍር ከያዘው ጭረቱ በፖሊሽ አይጠፋም፣ ይህም ሥራው ሳይጀመር ይነገራል። በዚህ አሠራር ብዙ ደንበኛ መልሰናል። የተመለሰው ደንበኛ ደግሞ ዘመዱን ይዞ መጥቷል።

በ2010 ዓ.ም. ወደ ደሎ መና ወርደው የቡና ጫኝ መኪኖችን ቀለም ለአሥራ ሰባት ቀናት አድሰዋል። መብራት በመጥፋቱ አብዛኛውን የሠሩት በእጃቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ወይዘሮ ረቢያን ተቀብለው የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፖሊሽ ባለሙያ አደረጓቸው። ጉምጉምታ እንደነበር አንክድም። አቶ አብዱልመሊክ ጉምጉምታውን የመለሱት የራሳቸውን የፖሊሽ ማሽን አውጥተው ለወይዘሮ ረቢያ በመስጠት ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ግን በየትኛውም ደንባችን ያልተጻፈው ነው። ሙስሊም አባላት ለጁምዓ ሰላት ሲሄዱ የጀመሩት መኪና ከነማሽኑ እንዳይቆም ክርስቲያን ባልደረባ ይይዝላቸዋል፤ በገናና በጥምቀት ደግሞ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ይይዛል። ስሙን “ያዝልኝ” አልነው። በእያንዳንዱ መኪና መስታወት ላይ የሠራተኛው ስም የተጻፈበት ካርድ ይለጠፋል፤ ለሥራው ተጠያቂው በካርዱ ላይ ያለው ሰው ነው። “ያዝልኝ” ተብሎ የያዘ ሰው ግን ስሙን አይጽፍም። ውለታ ነውና። ከሌላ ከተማ የመጡ ባለሙያዎች ይህን ሰምተው ሲገረሙ ደረታችንን እንነፋ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። አቶ አብዱልመሊክ የአንድ የጎባ ነጋዴ ጥቁር ፒክአፕ እያደሱ ነበር። የቀኝ ጎኑን ጨርሰው የግራውን ሳይጀምሩ የሰላት ሰዓት ደረሰ። በመኪና ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም ስስ ስለሆነ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሳይሸፍኑ ማሽን አያስነሱም ነበር። የግራው ጠርዝ ገና አልተሸፈነም። ስለዚህ ማሽኑን ለባልደረባቸው ለብዙነህ ሲሰጡ ኮፈኑን ብቻ እንዲያለሰልስና ግራውን እንዳይነካ አሳስበውት ሄዱ።

ይህ ማኅበር በሚያወጣው ጽሑፍ ሁሉ አባላቱን አንቱ ማለት ልማዱ ነው። በዚህ መግለጫ ግን ብዙነህን አንቱ ለማለት እጃችን አልታዘዝ ብሎናል፤ አንባቢ ይታገሰን። ብዙነህ በ2008 ዓ.ም. ከጎባ ሲመጣ ጨርቅ ጨምቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሩት አቶ አብዱልመሊክ ናቸው። ማኅበሩ ሲቀበለው ዋስ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። እናቱ ያረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶው ድንኳን አልጠፉም።

ብዙነህ ሥራውን ለማፋጠን የግራውን በር ጀመረ። ማሽኑን ባልተሸፈነው ጠርዝ ላይ አቆየው፣ ቀለሙም ተቃጥሎ ከሥሩ ያለው ብረት ብቅ አለ። ባልደረባችን ወዲያው ቢናገር ኖሮ ጉዳቱ የአንድ ጠርዝ ጉዳት ነበር። እርሱ ግን የተቃጠለውን በጥቁር ሰም ሁለት ጊዜ ደራርቦ ሸፈነው። አቶ አብዱልመሊክ ከመስጊድ ሲመለሱም ግራውን ለምን እንደነካ ጠየቁት፤ ሊያግዛቸው ፈልጎ እንደሆነና በሰላም እንደተጠናቀቀ ነገራቸው። አመሰገኑት። መኪናው እያብረቀረቀ ሄደ።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ሰሙ ታጥቦ ወረደና ብረቱ ወጣ። ባለቤቱ ተቆጥተው መጡ። በካርዱ ላይ ያለው ስም አብዱልመሊክ ቱፋ ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤው ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጠራ፤ ዕለቱ የዒድ ማግስት ነበር። ከበዓል ቤታቸው ተጠርተው መጡ። በዚያ ሰዓት መስጊድ እንደነበሩና ግራውን ጎን እንዳልነኩት አስረዱ። ማሽኑን ማን ይዞላቸው እንደነበር ተጠየቁ። መልሳቸው በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል፦ “ስሙን ከጠራሁ ከነገ ጀምሮ ማን ለማን ይይዛል? ሰውየው እዚሁ ተቀምጧል፤ ራሱ ይናገር።”

በቃለ ጉባኤው ቀጥሎ ያለው መስመር “ሌላ አስተያየት የሰጠ ባለመኖሩ ወደ ድምፅ ተገባ” ይላል። ብዙነህ ተቀምጦ ነበር። በዚያች ዓርብ ያዩ አራት አባላትም ተቀምጠው ነበር። የቀረነው አሥራ ስድስታችን ምንም አላየንም፤ ግን የሃያ ዓመት እጅ ድንገት እንዴት ሳተ ብለንም አልጠየቅንም። ደንበኛው በራፍ ላይ ቆመው ነበርና ቸኮልን። ሃያ አንድ እጅ ወጣ። የብዙነህ እጅ ከሃያ አንዱ አንዱ ነው።

በማግስቱ ለአቶ አብዱልመሊክ “በዕድሜ ምክንያት በታየባቸው ቸልተኝነት ከማሽን ሥራ የተነሱ መሆኑን” የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠናቸው። የሙያ ኃላፊነታቸው ለብዙነህ ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሊቀመንበራችን አድርገን መረጥነው። አጨብጭበናል።

አቶ አብዱልመሊክ ማኅበሩን ጥለው አልሄዱም። ለሁለት ዓመት ከሰባት ወር ጠዋት ጠዋት እየመጡ፣ ያስተማሯቸው ሰዎች ማሽን ሲይዙ እርሳቸው ባልዲና ጨርቅ ይዘው ሲያጥቡ ቆዩ። በ2017ቱ ገና ክርስቲያን አባላት በየቤታችን ስንውል የጀመርነውን መኪና ሁሉ አጥበው አድርቀው ጠብቀውናል። “ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም” ይባላል፤ እኛ ግን ሳይሄዱም አላመሰገንናቸውም፣ ሲሞቱም ልንዋሽላቸው ተዘጋጅተን ነበር።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀብራቸው በኋላ የሕይወት ታሪካቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው የላክናቸውን ተወካዮች የተቀበለቻቸው ልጃቸው ኢብቲሳም ናት። ፎቶግራፉን ሰጠች። በላዩ ላይ የእኛን ደብዳቤ ደርባ፣ “ይኸም ከአባቴ ታሪክ ነው። የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ እንዳትረሱት” አለች።

ደብዳቤውን ተቀብለን ስናበቃ ያዘጋጀነው የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ስለ እርሱ አንድ ቃል አልነበረውም። ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን ረቂቁ በጉባኤ ሲነበብ፣ “እስከ ዕለተ ሞታቸው በሙያቸው የተከበሩ” ከሚለው ሐረግ ላይ ሲደረስ ብዙነህ ከሊቀመንበር ወንበሩ ተነሳ። የተናገረው አጭር ነው፦ “ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠርዙን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሰሙንም እኔው ቀባሁት።” ቀጥሎ ወይዘሮ ረቢያ ሰሙን ሲቀባ አይተው እንደነበር፣ ከአቶ አብዱልመሊክ የተሰጣቸውን ማሽን ይዘው ዝም ማለታቸው እንቅልፍ እንደነሳቸው ተናገሩ። ሌሎቹ ሦስቱም በየተራ ተነሱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይኸኛው እስኪጠራ ሰውየው አላደሩም።

በመጀመሪያ የተሰማን ንዴት ነው። መሪ ብለን የመረጥነው ሰው፣ እህት ብለን ያመንናት ሴት፣ አብረውን ምሳ የሚበሉ ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ ዓይናችንን እያዩ ዋሹን። አሁንም ንዴቱ አልወጣልንም። ነገር ግን እጁን ያላወጣ አንድም ሰው በመካከላችን ስለሌለ፣ “ተከዳን” ብለን ጮኸን የምንገላገልበት በር የለንም።

በመሆኑም ጉባኤው ሚያዝያ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጻፈውን ደብዳቤ ሽሯል። አቶ አብዱልመሊክ በዚያ ሥራ አንዳች ጥፋት እንደሌለባቸው ለሮቤ፣ ለጎባና ለአካባቢው ሕዝብ በይፋ ያረጋግጣል። መኪናቸው ለተጎዳው ደንበኛም ይኸው በጽሑፍ ተነግሯቸዋል። ብዙነህ ከሊቀመንበርነት ተነስቷል፤ ይህን መግለጫ እንዲፈርም የተደረገው ጉባኤው ሌላ ሰው እንዳይፈርምበት ስለወሰነ ነው።

የስረዛውን ደብዳቤ ባለፈው ረቡዕ ለቤተሰቡ አድርሰናል። ኢብቲሳም ለእናቷ በአፋን ኦሮሞ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ኡሙሰልማ አዳምጠው ሲጨርሱ “ገለቶማ” ብለው አመሰገኑን። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ “ማን እንዳደረገው እሱ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ‘ዛሬ አንዱ ተነስቶ ይሆናል’ ይለኝ ነበር።”

ለወይዘሮ ኡሙሰልማ፣ ለኢብቲሳምና ለዙሀይራ፣ በጊኒር ለሚገኙ ወንድሞቻቸውና ለዘመድ ወዳጆቻቸው ሁሉ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጣችሁ፤ ለእርሳቸውም አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው እንላለን። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባን ከእርሳቸው ነበር፤ ለእናንተ የምናቀርበው ሀዘናችንን ብቻ ነው።

ለማኅበሩ አባላት በሙሉም መጽናናትን እንመኛለን ብለን ይህን መግለጫ ለመዝጋት አስበን ነበር። ነገር ግን ትናንት ዓርብ ነበር። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ማሽኖቻቸውን አጠፉ፣ ገመዱን ጠቀለሉ፣ የጀመሩትን መኪና በሸራ ሸፍነው ሄዱ። ያዝልኝ ያለ አልነበረም። ልያዝልህ ለማለትም ከመካከላችን የደፈረ አልተገኘም።

ስለ ማኅበሩ
ብዙነህ
የቀድሞ ሊቀመንበር