ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ዛሬም አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዋልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ለሁለታችንም ታወራለች፤ አፏ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ብለዋታል። እኔን «ባትሪዋ» ይሉኛል። ይበሉ።
በዕድሜ ክፍሉን ሁሉ እበልጣለሁ። ሁለት ዓመት እማዬን ስፌት ሳግዝ ቤት ቀርቼ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው... የሳይንስ መምህርታችን አዲስ ርዕስ ጀመሩ፤ የአየር ንብረት ለውጥ። ጆሮዬ ቆመ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
አፈርኩ።
መምህርታችን ፊልም አሳዩን። ጎርፍ። ቡናማ ውሃ በሰው በር ሲገባ፣ ጫማ ሲንሳፈፍ... ትንፋሽ አጠረኝ። ወንበሩን ገልብጬ ወጣሁ። ሬዲዮ ተከትላኝ መጣች፣ ቧንቧው ጋ ፊቴን አጠበችልኝ። ዝም ብላ! ሬዲዮ!
አምና እኛም ቤት ገብቷል። እስከ ደረቴ። እማዬ የስፌት መኪናዋን ታቅፋ፣ እኔ ታናሽ እህቴን አንገቴ ላይ ተሸክሜ... ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም። ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር እማዬ ቀለም ቀባችው። ቀለሙን አልፎ ታየ። ቁም ሳጥን አስጠጋችበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
እማዬ ሰማች። የነገረቻት ሬዲዮ ናት፣ ሌላ ማን ሊሆን! የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ትምህርት ቤት ሄደች። ዳይሬክተሩን «ልጄን አሳበዳችሁብኝ» አለቻቸው አሉ።
ርዕሱ ቀረ። መምህርታችን ዓይናቸው ቀልቶ ገቡ። «ስለ ማግኔት እንማራለን» አሉ። ከኋላ አንዱ፣ «ባትሪዋ ብትፈራ ወደ ማግኔት ተዛወርን» አለ። ተሳቀ።
በኔ ምክንያት።
ማግኔት! ማግኔት ቤታችን ገብቶ ያውቃል?

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ያስፈራኝ ፊልሙ ነው? አይደለም። ፍርሃቱማ ከኔ ጋር ነው የሚያድረው። ደመና ባየሁ ቁጥር ጫማዬን አልጋ ላይ አወጣለሁ። የጎዳኝ ሠላሳ ልጅ መሃል በኔ ብቻ የደረሰ መምሰሉ ነው።
ለሬዲዮ ነገርኳት። «እኔ እኮ ብዙ የማወራው ሰማይ ሲያጉረመርም እንዳልሰማ ነው» አለች።
ሁለት ወር አጠገቧ ተቀምጬ አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ዓይኔን በጨው አጥቤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሬዲዮ ከኋላዬ፣ «እኔ ልናገርልሽ?»
«ዝም በይ!» እኔ ነኝ ያልኩት።
ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወረዱ። «ያመመሽ ልጅ አይደለሽም?»
«አላመመኝም። ፈርቼ ነው።»
«እኮ! እንዳትፈሪ ብለን አስቀረነው፣ ልጄ።»
«ትምህርቱ ሲቀር ውሃው ይቀራል?»
ምን እንደምናይ አስቀድሞ ይነገረን አልኩ። መውጣት የፈለገ ይውጣ፣ አንድ ሰው ይከተለው። ካየን በኋላ እንነጋገር። ከዚያ የምንሠራው ነገር ይሰጠን፤ ፍርሃት ብቻ ታቅፈን ቤት አንሂድ።
መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እናትሽ ከፈቀዱ...» አሉ።
እናቴ! እዚያ ላይ ነው ጉዱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
እማዬ እምቢ አለች። «የረሳሁትን አትቀስቅሺብኝ!»
«አልረሳሽውም። ብትረሺውማ ቁም ሳጥን አታስጠጊበትም ነበር።»
እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ወደ ስፌቷ ዞረች። ፔዳሉ ያቃስታል፤ አምና ዝጎ ነው።
ተነሳሁና ቁም ሳጥኑን ገፋሁት። ብቻዬን። ወለሉን እየፋቀ ጮኸ። መስመሩ እዚያው ነው። ሥሩ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ቀና ብላም አላየችኝ። ግን... መልሳ አላስጠጋችውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14
ጠዋት ደብተሬ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። የልብስ ንድፍ ከምታወጣበት ላይ የተቀደደ። የእማዬ ጽሕፈት ነው፦ «ይማሩ። ልጄ ስትወጣ ግን ብቻዋን አትውጣ።»
ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ፤ ርዕሱ ተመለሰ። መምህርታችን መጀመሪያ ፊልሙ ላይ ምን እንደሚመጣ ነገሩን። አንዴ ወጣሁ። ሬዲዮ ተከተለችኝ። ተመለስኩ! «ማግኔት» ያለው ልጅ ስንወያይ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እነሱም ቤት ገብቷል ለካ።
ነገ በሰፈራችን የውሃውን ምልክት ቤት ለቤት እንለካለን። ካርታ ላይ አውጥተን ለማዘጋጃ ቤቱ እንሰጣለን፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ እንዲጠረግ። ባይቀበሉንስ? ደግመን እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15
ስምንት ልጆችና መምህርታችን። አንዱ ቤት መስመሩን በመጋረጃ ጋርዶታል፣ አንዱ ቤት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎበታል። ሬዲዮ ቤት ትልቅ መስታወት። ሁሉም ሸፍኖት ኖሯል! ስናንኳኳ ግን ራሳቸው እየገለጡ አሳዩን።
የኛ ቤት መጨረሻ ሆነ። መምህርታችን የእንጨት ማስመሪያቸውን ሲያስተካክሉ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ተንበርክካ ጫፉን ወለሉ ላይ ያዘች፣ ሌላውን ጫፍ ለኔ ሰጠችኝ።
«እዚህ ጋ ነበር የቆምሽው» አለች፣ በቀስታ። «እህትሽን ተሸክመሽ።»
«አዎ።»
«በይ ንገሪያቸው ስንት እንደሆነ።»
ሁሉም እስክሪብቶ ይዘው እኔን ያያሉ።
«አንድ ሜትር ከአሥራ አራት!» አልኩ። በሩ ክፍት ነበር። መንገድ ማዶ ድረስ ተሰማ።